አባትየው ከገንዳው የሚወጣበት ቀን

በዘፍጥረት ምዕራፍ አንድ ላይ የመብዛት በረከት መጀመሪያ የተነገረው ለአዳም አይደለም። ቁጥር 22ን ልብ ብላችሁ አንብቡት። ሰው ገና ሳይፈጠር፣ በአምስተኛው ቀን፣ እግዚአብሔር እንዲበዙ የባረከው በውሃ ውስጥ የሚንቀሳቀሱትንና ወፎችን ነው። ዓሣ ከእኛ ቀድሞ ተባርኳል ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ወንድም በቤቱ ዓሣ ላራባ ብሎ ሲነሣ «ይኼ ደግሞ ምን የሚሉት ሥራ ነው?» ብለን ባንስቅበት ይሻላል።

ይህን ያነሣሁት እዚህ አሶሳ በኅብረታችን ያለ አንድ ወጣት ወንድም ቤታ የሚባለውን የጌጥ ዓሣ ለመጀመሪያ ጊዜ በቤቱ ስላራባ ነው። እየተመላለስኩ አይቻለሁ፤ ያየሁትም ከረጅም ጊዜ ጀምሮ በልቤ ሲመላለስ ከኖረ ጉዳይ ጋር ገጠመብኝ። ጉዳዩ በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መካከል እየተለመደ የመጣው የ«መንፈሳዊ አባት» ነገር ነው። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፦ ልጆቹ መዋኘት ከጀመሩ በኋላ ከገንዳው የማይወጣ አባት ጠባቂነቱ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ እሱ ራሱ አደጋ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ዓሣው። ቤታ የታይላንድና የአካባቢዋ ፍጥረት ነው። በሩዝ ማሳና በረግረግ፣ ጥልቀት በሌለው፣ ሞቃትና ዝግ ባለ ውሃ ውስጥ ይኖራል። እንደ እኛ አምባዛ ከስንጥቡ ሌላ አየር የሚስብበት አካል ስላለው ወደ ውሃው ገጽ ብቅ እያለ ይተነፍሳል። ወንዱ ሰፋፊ ክንፎች አሉት፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሆኖ ሲዘረጋው የሐር ጨርቅ ይመስላል። ግን ሁለት ወንዶች አንድ ገንዳ ውስጥ ከገቡ ይናከሳሉ፤ በአገሩ ሰዎች ለብዙ ዘመን ሲያዋጉትና ሲወራረዱበት ኖረዋል። (የታይላንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2019 ብሔራዊ የውሃ እንስሳ ብሎ ሰይሞታል። ለውበቱ እንጂ ለቁማሩ አይደለም ብዬ ልመን።)

ይህ ተናካሽ ፍጥረት አባት ሲሆን ግን ሌላ ነው። የሚራባበት ገንዳ ውሃው ከአንድ ስንዝር እንዲያንስ ይደረጋል። በላዩ ላይ የደረቀ የሙዝ ቅጠል ቁራጭ ይንሳፈፋል። ሴቷ መጀመሪያ የምትገባው በሚያሳይ ጠርሙስ ውስጥ ሆና ነው፤ እንዲተያዩ ብቻ። ወንዱ ሲያያት በቅጠሉ ሥር ጎጆ መሥራት ይጀምራል። ጎጆው አረፋ ነው። አየር ይጎርሳል፣ በአፉ ፈሳሽ ይለብጠዋል፣ ወደ ላይ ይለቀዋል፤ እንደገና ይጎርሳል። አንዳንዱ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ያድራል። ጎጆው ሲወፍርና ሴቷም ስትዘጋጅ ከጠርሙሱ ትወጣለች። ከጎጆው ሥር ተጠምጥሞ ያቅፋታል፤ ጥቃቅን ነጭ እንቁላሎች ወደ ታች ይረግፋሉ። እሱም እየጠለቀ በአፉ ይለቅማቸውና አንድ በአንድ ወደ አረፋው ይመልሳቸዋል። አንዴ ከጥቂት አሥሮች እስከ ብዙ መቶዎች ሊሆኑ ይችላሉ። እንቁላል መጣሏ ሲያበቃ ሴቷን ወዲያው ማውጣት ያስፈልጋል፤ ካልወጣች ወይ እንቁላሉን ትበላለች ወይ እሱ ይነክሳታል። ከዚያ በኋላ ሥራው የአባትየው ብቻ ነው።

አሶሳ ላይ ይህን ማድረግ ከሚመስለው ይከብዳል። ከተማችን ሞቃት ናት ብለን እንመካለን፤ ነገር ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ነን፣ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። እንቁላሉና ጫጩቱ የሚፈልጉት ሙቀት ደግሞ ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ሳይዋዥቅ የሚቆይ ነው። የውሃ ማሞቂያ ቢኖርም መብራት ሲጠፋ ምን ይደረግ? ወንድማችን ገንዳውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ የሞቀ ውሃ የሞላበት ሃይላንድ ጎኑ ላይ አስደግፎ ያሳድረው ነበር። መደርደሪያው ቀርከሃ ነው፤ ቀርከሃ እንኳ አላስቸገረንም። ሌላው ጣጣ የወባ ትንኝ ነው። ዓሣ ያለበት ዕቃ አያሰጋም፣ ቤታ እጩን አሳዶ ይበላዋል። ዓሣ የሌለበት ባዶ ብልቃጥ ውሃ ይዞ በረንዳ ላይ ከተቀመጠ ግን ጎረቤትን ሁሉ ማስታመም ይመጣል። ወባ ምን እንደሚያደርግ ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሰው አይነገረውም። እያንዳንዱን ዕቃ በአሮጌ አጎበር ቁራጭ መሸፈን ግድ ነው። ዓሣ የሚያረባ ክርስቲያን ለዓሣው ሲጨነቅ የጎረቤቱን ልጅ ከረሳ መጋቢነቱ ምኑ ላይ ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እንቁላሎቹ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይፈለፈላሉ። የተፈለፈለው ጫጩት ዓሣ አይመስልም፤ ከዐይን ሽፋሽፍት የቀጠነ ክር ነው። መዋኘት አይችልም። ጭራውን ወደ ታች አድርጎ ከአረፋው ሥር ይንጠለጠላል። ይወድቃል። አባትየው ወርዶ በአፉ ይይዘውና ይመልሰዋል። ሌላው ይወድቃል፤ ያንንም ይመልሳል። የፈነዳውን አረፋ በአዲስ ይተካል። በእነዚህ ቀናት ከቶ አይበላም ወይም ብዙም አይበላም፤ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ይከሳል። ሌሊት በእጅ ባትሪ አብርታችሁ ብታዩት እዚያው ነው። ያንን ያየ ሰው የእግዚአብሔርን ቤት አገልግሎት ማሰቡ አይቀርም። ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት ምዕራፍ ሁለት ላይ ራሱን አንዴ ከምታጠባ እናት፣ አንዴ ከሚመክር አባት ጋር ያመሳስላል። የወደቀውን በአፉ ይዞ የሚመልስ አገልጋይ ያሳደገው ሰው ይህን ቋንቋ ያውቀዋል። ጥርስ ያለው አፍ ነው፤ ግን አይነክስም።

ይህ የሚቆየው ሁለት ወይም ሦስት ቀን ነው። ከዚያ በአንዱ ጠዋት ጫጩቶቹ መንጠልጠል ይተዉና አግድም መዋኘት ይጀምራሉ። ትንሽ፣ ቆረጥ ቆረጥ ያለ ዋና ነው። በየአቅጣጫው ይበተናሉ። አባትየው ሊሰበስባቸው ይሞክራል፣ ወደ ጎጆው ይመልሳቸዋል፣ እነሱ እንደገና ይሄዳሉ። ዓሣ ያራቡ ሰዎች ሁሉ የሚስማሙበት ነገር ይህ ነው፤ አባትየው መውጣት ያለበት በዚህ ቀን ነው። ነገ ቢባል ይዘገያል።

ወንድማችን በመጀመሪያው ዙር አላወጣውም። «ጋሼ፣ ትንሽ ይቆይ እንጂ፤ እያዩት እንዴት እንደሚጠብቃቸው!» አለኝ። አነጋገሩ እውነት ነበረው፤ ከእኛ ሁሉ በላይ የለፋው ያ ዓሣ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ግን ከመቶ የማያንሱት ጫጩቶች በጣት የሚቆጠሩ ሆኑ። ጠባቂው ሲሰበስባቸው ሲሰበስባቸው፣ ተርቦም ነበርና፣ መዋጥ ጀመረ። ያው አፍ ነው። የወደቀውን ያነሣበት አፍና የዋጠበት አፍ አንድ ነው። ከሆነ በኋላ ዓሣውን «ክፉ አባት» ማለት አይቻልም፤ የተለወጠው የልጆቹ ዕድሜ ነው፣ እሱ ግን ስፍራው ላይ ቀረ።

በእኛ መካከል የሚሆነውን አስቡት። አንድ ወጣት ጌታን ያገኛል። የመሰከረለት፣ ያጠመቀው፣ ሲወድቅ ያነሣው፣ ለምሳ የጋበዘው አንድ አገልጋይ አለ። ይህ አገልጋይ ክብር ይገባዋል። ወጣቱም «አባቴ ነው» ቢል ጳውሎስ ራሱ ለቆሮንቶስ ሰዎች በመጀመሪያው መልእክት ምዕራፍ አራት ላይ በወንጌል ወልጄአችኋለሁ እንደሚል አውቃለሁና አልቃወምም። ነገር ግን ዓመታት ያልፋሉ። ወጣቱ ትዳር ይይዛል፣ ልጆች ይወልዳል፣ የራሱ የጸሎት ሕይወት አለው፣ ቃሉን ያስተምራል። አሁንም ሥራ ለመቀየር «ዳዲን ልጠይቅ» ይላል። ሚስት ለማጨት ፈቃድ ይጠይቃል። ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ ሌላ አጥቢያ ሲገባ «ከሽፋን ወጥቷል» ይባላል፤ ልጁ ቢታመም ደግሞ ከሽፋን ስለወጣ ነው ይባላል። አሥራቱ እንኳ ከአጥቢያው ይልቅ ወደ «አባት» እንዲሄድ የሚያስተምሩ አሉ። ይህ ነገር ከአዲስ አበባ መድረክና ከቴሌቪዥን ተነሥቶ የየክፍለ ሀገሩን ከተሞች አዳርሷል። እኛም ጋ ደርሷል።

እንዲህ ያለውን አባት ሁልጊዜ ክፉ አድርጌ አልስለውም። አብዛኛው እውነተኛ ድካም ደክሟል። ችግሩ ጎጆው ከፈረሰ በኋላም ልጆቹን ወደ አረፋው መመለሱን አለማቆሙ ነው። አግድም የሚዋኘውን ልጅ እንደወደቀ ይቆጥረዋል። ልጁ ራሱን ችሎ ሲያስብ «ዐመፅ» ይለዋል። ከዚያ ቀስ በቀስ የልጁን ውሳኔ ይውጣል፣ ስጦታውን ይውጣል፣ በመጨረሻም ልጁ ራሱ የለም፤ የአባቱ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። የአባቱን ሳል ሳይቀር የሚያስል ሰባኪ አላያችሁም?

«ለመሪዎች መታዘዝ መጽሐፍ ቅዱሳዊ ነው» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። ዕብራውያን ምዕራፍ 13 ይህን ያስተምራል፤ እኔም አምነዋለሁ። ለመሪ መታዘዝ ግን ለመሪው መሪ የማይሆን ሰው ማድረግ አይደለም። ጴጥሮስም በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ አምስት ሽማግሌዎች በመንጋው ላይ ጌቶች እንዳይሆኑ ይመክራል። የዮሐንስ ሦስተኛ መልእክት ደግሞ ፊተኛ መሆን የሚወድ፣ ደስ ያላሰኘውን ከቤተ ክርስቲያን የሚያስወጣ ዲዮጥራጢስ የሚባል ሰው ያሳየናል፤ ያ ሰው ከውጭ የመጣ ተኩላ አልነበረም፣ እዚያው ቤት ያለ ሰው ነው።

ሌላም ተቃውሞ አለ፤ ይህኛው ይበልጥ ያስጨንቀኛል። «የሐሰት ትምህርት በበዛበት ዘመን ልጆችን ትቶ መውጣት ለተኩላ መስጠት ነው» ይባላል። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 20ን ክፈቱ። ጳውሎስ የኤፌሶንን ሽማግሌዎች በሚሊጢን ሲሰናበት ጨካኞች ተኩላዎች እንደሚመጡ ያውቃል፤ ራሱ ነግሯቸዋል። ከመካከላቸውም ጠማማ ነገር የሚናገሩ እንደሚነሡ ያውቃል። ሦስት ዓመት ሌትና ቀን በእንባ ሲያስተምር ኖሯል። ይህን ሁሉ ካለ በኋላ ምን አደረገ? ለእግዚአብሔርና ለጸጋው ቃል አደራ ሰጥቷቸው መርከብ ላይ ወጣ። ተኩላው እንደሚመጣ እያወቀ ሄደ። ጌታችን ራሱ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ላይ ለደቀ መዛሙርቱ መሄዱ እንደሚበጃቸው ነግሯቸዋል። እሱ ካልሄደ የማይመጣላቸው አጽናኝ ነበረ። የማይሄድ አባት መንፈስ ቅዱስ ሊይዘው የሚገባውን ወንበር ይዞ ተቀምጧል ብል አጋነንክ ትሉኝ ይሆን?

ከዓሣ ትምህርት መቅዳት ልክ እንዳለው አውቃለሁ። ፍጥረት ሕግ አይሆነንም፤ ቤታ ልጁን ስለበላ እኛም እንበላለን ማለት አይደለም፣ እሱ ፍቅርን አያውቅም። ኢዮብ በምዕራፍ 12 የባሕርን ዓሦች ጠይቁ ማለቱ ግን እንደ ምስክር አቅርቧቸዋል ማለት ነው። ምስክር ደግሞ የሚጠየቀው ሁሉንም እንዲናገር ነው። ብዙ ጊዜ በስብከት ምሳሌ ስናደርጋቸው ደስ የሚለውን ግማሽ ወስደን ሌላውን እንተዋለን፤ የንስርን ክንፍ እንሰብካለን፣ በዝቶ የሚገድለውን ጥፍሩን አናነሣም። የቤታንም ጎጆ ብቻ ሰብኮ ማለፍ ይቻል ነበር።

የአገራችንን ቆሮሶ ብትጠይቁትም ምስክርነቱ ከዚህ አይርቅም። በዓባይና በገባሮቹ፣ አሁን ደግሞ ግድቡ በፈጠረው በንጋት ሐይቅ ያለው ቆሮሶ ጎጆ በአረፋ አይሠራም። እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። እንቁላሉና ጫጩቱ አፏ ውስጥ እስካሉ ድረስ ምግብ ይቀርባታል ማለት ይቻላል። ጫጩቶቹ መዋኘት ሲጀምሩ ትለቃቸዋለች፤ ለጥቂት ቀናት አደጋ ሲመጣ ወደ አፏ ተመልሰው ይገባሉ። ከዚያ አይገቡም። አፏ ጠበበ፣ እነሱም አደጉ። ከጉባ እስከ አሶሳ ገበያ ድረስ የምናየው ቆሮሶ ሁሉ አንድ ቀን ከእናቱ አፍ የተተፋ ነው።

ለእኛ ለኢትዮጵያ ወንጌላውያን ይህ አዲስ ትምህርት መሆን አልነበረበትም። የወላይታን ታሪክ የማያውቅ ማን አለ? የኤስ አይ ኤም ሚስዮናውያን በሶዶ ሲያገለግሉ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ1937 በጣሊያን ወረራ ምክንያት አገሩን ለቀው ሲወጡ የተጠመቁት ምእመናን አርባ ስምንት ብቻ ነበሩ። በእጃቸው የነበረው በቋንቋቸው የተተረጎመ የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ጥቂት ነው። ሚስዮናውያኑ «ይጠፋሉ» ብለው ሳይሰጉ አልቀሩም። ሰዎቹ ታሰሩ፣ ተገረፉ፤ ዋንዳሮ ዳባሮን የመሰሉ መሪዎች በጅራፍ ብዙ መከራ ተቀበሉ። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ ያገኙት ወደ 10,000 የሚጠጋ ምእመን ነው። አባቶቹን ከገንዳው ያወጣቸው የጠላት ጦር ነበር። እነሱ ራሳቸው ቢመርጡ ያን ጊዜ ባልወጡም፤ ማን ይፈርድባቸዋል?

ወደ እኛ ቀረብ ያለውንም ላስታውሳችሁ። ከድንበሩ ማዶ፣ በሱዳን ብሉ ናይል ግዛት፣ ጫሊ በምትባል መንደር ኤስ አይ ኤም ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በኡዱክ ሕዝብ መካከል ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 የሱዳን መንግሥት ሚስዮናውያኑን አስወጣ። የኡዱክ ቤተ ክርስቲያን ሰፍታ የታየችው ከዚያ በኋላ፣ በራሷ ሰዎች እጅ ሆና ነው። በ1987 መንደሮቻቸው በጦርነቱ ሲቃጠሉ ሕዝቡ እየሸሸ መጣና እዚሁ አሶሳ አካባቢ ሰፈረ። በ1990 መጀመሪያ ላይ ከዚህም ተፈናቀለ፤ ከብዙ መንከራተት በኋላ ጋምቤላ ውስጥ ቦንጋ ላይ ዐረፈ። በዚህ ሁሉ መንገድ ዝማሬያቸውን ይዘው ሄዱ። ሚስዮናዊ አልነበረም፣ «ሽፋን» የሚላቸው ሰውም አልነበረም።

እንግዲህ ይህን ሰምቶ «አሜን፣ ልጆቹን እንተዋቸው» የሚል እንዳይኖር እፈራለሁ፤ ምክንያቱም ሌላው ጥፋታችን ከዚህ ተቃራኒ ነው። አባትየው ከጊዜው ቀድሞ ከወጣ የተንጠለጠሉት ጫጩቶች ወደ ታች ይወድቃሉ፣ የሚያነሣቸውም የለም። ከመሀል አገር አንድ ቡድን ለሦስት ቀን ይመጣል፤ ባምባሲ፣ ሆሞሻ፣ ወይም ሌላ ወረዳ ወርዶ ጉባኤ ያደርጋል፤ እጅ ያነሡት ይቆጠራሉ፤ ፎቶው ፌስቡክ ላይ ይወጣል፤ መኪናው ይመለሳል። ከዚያ ያ እጁን ያነሣ ሰው ቤተሰቡ ፊት ብቻውን ይቆማል። እንቁላል መቁጠር ቀላል ነው። ቤታ ያረባ ሰው ሁሉ እንደሚነግራችሁ፣ ዓሦቹን አቀራርቦ እንቁላል ማስጣል ከሥራው ትንሹ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ሳምንታት ናቸው ሰውን የሚፈትኑት። ጫጩቶቹ ለዐይን የማይታዩ ነፍሳትን ነው የሚበሉት። እነዚያን ለማግኘት የደረቀ ቅጠል ውሃ በሞላ ብልቃጥ ውስጥ ነክሮ መስኮት አጠገብ ለቀናት ማቆየት ያስፈልጋል፤ ይህም ሥራ ዓሦቹ ከመገናኘታቸው በፊት መጀመር አለበት። ጫጩቱ ከተፈለፈለ በኋላ ምግብ ላዘጋጅ ያለ ሰው ዘግይቷል። አየር የሚስቡበት አካል ገና ስላልተሠራ ከገንዳው በላይ ያለው አየር እንኳ እንዳይቀዘቅዝ ክዳን ያስፈልጋል። ጌታ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ላይ ግንብ ሊሠራ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚቆጥር ይናገራል። ለወንጌል ጉዞ በጀት ስንይዝ የስድስት ወር የማስተማሪያውን ወጪ፣ በሰፈሩ ቋንቋ የሚያስተምረውን ሰው፣ በበርታኛ ወይም በጉምዝኛ የሚነበበውን ቃል አስቀድመን ካልቆጠርን ጉዞውን ብናስቀረው ይሻላል እላለሁ። ከባድ ቃል ነው፤ እኔ ግን ይህን ነው የማምነው።

ልቆ መውጣትና መጣልም አይምታቱ። ጫጩቶቹ ሲበዙ፣ ወንዶቹም ሁለት ሦስት ወር ሆኗቸው መናከስ ሲጀምሩ፣ ለእያንዳንዱ የራሱ ብልቃጥ ያስፈልጋል። ሃምሳ ወንድ ማለት ሃምሳ ብልቃጥ፣ በየጊዜው የሚቀየር ሃምሳ ውሃ ነው። በዚህ ጊዜ የሰለቸው ሰው «ወደ ወንዝ ልልቀቃቸው፣ ነጻ ይውጡ» ማለቱ አይቀርም። በዳቡስም ሆነ በሌላ ወንዛችን ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። ቤታ በሰሜን አውስትራሊያ ከሰው እጅ አምልጦ በዱር ውሃ ውስጥ መራባት ጀምሯል፤ የዓባይ ቆላም ሞቃት ነው። ለጌጥ ተብሎ የተዛወረ ነገር ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው በአበባው ውበት ነው፤ ጣና ላይ ምን እንዳደረገ ደግሞ የባሕር ዳርና የጎንደር ወንድሞች ይንገሯችሁ። ሕይወቱን በእጅህ የያዝከውን ፍጥረት ስፍራ ሳታዘጋጅለት አታብዛው። ጻድቅ ለእንስሳው ነፍስ እንደሚራራ ምሳሌ ምዕራፍ 12 ሲናገር ዓሣን ለይቶ አላወጣም።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ሰዎች የማያነሡት ነገር ነው። ከገንዳው የወጣው አባት ወዴት ይሄዳል?

ከስቷል። ቀናት አልበላም። ክንፉ የተቀደደ ሊሆን ይችላል። ዓሣ የሚያውቁ ሰዎች ከማውጣታቸው በፊት ለእሱ ብቻ የሚሆን፣ ሙቀቱ ተመሳሳይ የሆነ ንጹሕ ውሃ ያዘጋጃሉ፤ ትንሽ በትንሽ እየመገቡ ያሳርፉታል። ብልቃጥ ያልተዘጋጀለት አባት ገንዳው ውስጥ ይቀራል፣ ሌላ መሄጃ የለውምና።

ብዙ አገልጋዮቻችን የማይወጡት ሥልጣን ስለወደዱ ብቻ አይመስለኝም። የሚኖሩበት ቤት የአጥቢያው ቤት ነው። ደሞዛቸው ከመድረኩ ጋር የታሰረ ነው። ጡረታ የላቸውም፣ ወይም ያላቸው ለወር አስቤዛ አይበቃም። ሚስቲቱ ሃያ ዓመት ሻይ ስታፈላ፣ እንግዳ ስትቀበል ኖራለች፤ የራሷ የሆነ ነገር የላትም። እንዲህ ያለውን ሰው «ለወጣቶች ልቀቅ» ስንለው የምንሰጠው የስንብት ፕሮግራም፣ አንድ ጋቢና የተቀረጸ የምስጋና ሰሌዳ ነው። ከዚያ በኋላ ማን ይጠይቀዋል? እንዲህ ከሆነ «ልጆቼ ገና አልደረሱም» ማለቱ ይደንቃል ወይ?

የአጥቢያ ሽማግሌዎች በዚህ ዓመት ዕቅዳችሁ ላይ ለዋናው አገልጋያችሁ የምታዘጋጁትን ጻፉ። ስንት ብር በየወሩ ይቀመጥለታል? በማን ስም? ሲወጣ የት ይኖራል? ካገለገለ በኋላ የሚያስተምርበት፣ የሚመክርበት፣ ግን የማያዝዝበት ስፍራ የቱ ነው? መልሱን ሰውየው ገና ብርቱ ሳለ፣ ልጆቹም ገና ተንጠልጥለው ሳሉ ንገሩት። ወንድማችን በሁለተኛው ዙር ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ብልቃጡን አዘጋጅቶ፣ ውሃውን አሙቆ፣ ከገንዳው ጎን አስቀምጦ ጠበቀ። ጫጩቶቹ አግድም በዋኙበት ጠዋት ዓሣውን በኩባያ ቀድቶ አዛወረው። በሦስተኛው ሳምንት ብልቃጡ ውስጥ፣ ሴት በሌለበት፣ አዲስ የአረፋ ጎጆ ሠርቶ አየነው።